የማን ድምፅ ነው? የአሜሪካ አሳማ አርቢዎች የግዴታ መዋጮና የሕሊና ጥያቄ



“ስለ አሳማ እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። በአገራችን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ አይበላም። ከወንጌል አማኞችም ብዙዎቻችን፣ የሚከለክለን ትምህርት ባይኖርም፣ ከልጅነታችን ስላልለመድነው ስሙ ሲነሣ እንኳ ደስ አይለንም። ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ “ይበላል ወይስ አይበላም?” የሚለውን ክርክር የሚያነሣ አይደለም። ለዚያ ጥያቄ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 14 የሰጠው ምክር በቂ ነው፤ የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ አይፍረድ።

የዛሬው ጥያቄያችን ሌላ ነው። መንግሥት በሕግ አስገድዶ ከአንድ ሰው ላይ ገንዘብ ቢሰበስብ፣ በዚያም ገንዘብ በዚያው ሰው ስም መልእክት ቢተላለፍ፣ ያ ሰው መልእክቱን ወይም አሠራሩን ባይወደው “በእኔ ገንዘብ ይህን አትናገሩ” የማለት መብት አለውን? በአሜሪካ የአሳማ አርቢዎች ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ ድምፅ መስጫ ሣጥን፣ ከዚያም እስከ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ድረስ ሄደዋል። ያገኙት መልስ ለአሳማ አርቢ ብቻ ሳይሆን መዋጮ ለሚሰበስብና መዋጮ ለሚከፍል ሁሉ ትምህርት አለው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መዋጮው ምንድን ነው?

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1985 ካወጣው ሰፊ የግብርና ሕግ ውስጥ አንዱ ክፍል የአሳማ ሥጋን ስለማስተዋወቅ፣ ስለ ምርምርና ለሸማቹ መረጃ ስለመስጠት ይደነግጋል። በዚህ ሕግ መሠረት ከ1986 ጀምሮ አንድ አርቢ አሳማ በሸጠ ቁጥር ከሽያጩ ዋጋ ላይ ጥቂት ገንዘብ ይቀነሳል። ገበሬው ራሱ ሄዶ አይከፍልም፤ ገዢው ከሚከፍለው ዋጋ ላይ አስቀርቶ ያስተላልፋል። አሳማም ሆነ የአሳማ ሥጋ ከውጭ የሚያስገባ ነጋዴም እንዲሁ ይከፍላል። በእንግሊዝኛ ስሙ “ቼክኦፍ” ይባላል።

መጠኑ ሲታይ ትንሽ ነው። ሲጀመር ከ100 ዶላር ሽያጭ 25 ሳንቲም ነበር። ቀስ በቀስ ወደ 45 ሳንቲም ከፍ አለ፤ በ2002 ወደ 40 ሳንቲም ዝቅ አለ፤ ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ 35 ሳንቲም ሆኗል። አንድ አሳማ በ150 ዶላር ቢሸጥ መዋጮው ግማሽ ዶላር ያህል ነው ማለት ነው። ነገር ግን በዓመት የሚሸጠው አሳማ በብዙ ሚሊዮን ስለሚቆጠር፣ ሳንቲሙ ሲጠራቀም በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይሆናል።

ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የአሳማ ሥጋ ቦርድ ነው። 15 አባላት አሉት፤ የሚሾማቸውም የግብርና ሚኒስትሩ ነው። ሥራውን የሚቆጣጠረው የግብርና ሚኒስቴር ሲሆን፣ ሕጉ በዚህ ገንዘብ መንግሥትን መወትወትንና የሕግ አወጣጥን ለማሳመን መሞከርን ይከለክላል።

አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዋጮውን ያልፈለገ አርቢ ጠይቆ ገንዘቡን ማስመለስ ይችል ነበር። በ1988 አርቢዎች ድምፅ እንዲሰጡ ተደረገና 78 በመቶ ያህሉ ደገፉት። ከዚያ በኋላ ግን ማስመለስ ቀረ፤ መዋጮው ለሁሉም ግዴታ ሆነ። እንግዲህ አሠራሩ ሲመሠረት ሕጋዊነቱን ያገኘው ከአርቢዎቹ ድምፅ ጭምር ነበር። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በመዋጮው ገንዘብ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ እጅግ የታወቀው በ1987 የተጀመረው “ሌላው ነጭ ሥጋ” የተሰኘ ማስታወቂያ ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካውያን ስብ የበዛበትን ሥጋ እየሸሹ ወደ ዶሮ ያዘነብሉ ነበር። ማስታወቂያው የአሳማ ሥጋም እንደ ዶሮ ሥጋ ቀለል ያለ ነው ብሎ ለማሳመን የተዘጋጀ ነበር። በአሜሪካ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው፣ የአሳማ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ እንኳ ቢሆን፣ ይህን አባባል ሳይሰማው አልቀረም።

ደጋፊዎቹ ምን ይላሉ?

ፍትሐዊ ለመሆን የደጋፊዎቹን ክርክር አስቀድመን እንስማ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለምና።

አንደኛ፣ አንድ ገበሬ ብቻውን ማስታወቂያ ቢያሠራ ጥቅሙ ለጎረቤቱም ይደርሳል። የእርሱ አሳማ ሥጋ ከሌላው ተለይቶ በመደብር አይታወቅምና። ስለዚህ ሁሉም “ሌላው ይክፈል፣ እኔም እጠቀማለሁ” ቢል ማንም ሳይከፍል ይቀራል። ዕድር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መዋጮ የማይከፍል ሰው በድንኳኑ ጥላ ሥር እንዲቀመጥ ከተፈቀደለት ዕድሩ አይቆምም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለማስታወቂያ ብቻ አይውልም። ከፊሉ ለበሽታ ምርምር፣ ለእርባታ ጥራትና ለምግብ ደኅንነት ሥልጠና ይውላል። በ2013 በአሜሪካ ግልገል አሳማዎችን የፈጀ የተቅማጥ በሽታ ሲገባ፣ በ2018 የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ ቻይና ሲደርስና በ2021 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሲገኝ፣ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ድርጅትና በጀት መኖሩ እንደሚጠቅም ይናገራሉ። ይህ እውነት ነው።

ሦስተኛ፣ አሜሪካዊው በነፍስ ወከፍ በዓመት የሚበላው የአሳማ ሥጋ ለአሥርተ ዓመታት በ50 ፓውንድ አካባቢ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። ተቃዋሚዎች “ታዲያ ማስታወቂያው ምን ጨመረ?” ሲሉ፣ ደጋፊዎች ደግሞ “ማስታወቂያው ባይኖር ኖሮ ዝቅ ይል ነበር” ይላሉ። ዶሮ ገበያውን እያጥለቀለቀ በነበረበት ዘመን ሳይቀንሱ መቆየት ራሱ ውጤት ነው ቢሉ የሚያስኬድ ክርክር ነው።

ታዲያ ገበሬው ለምን ተቆጣ?

በ1980 በአሜሪካ አሳማ የሚያረቡ እርሻዎች ከ600 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2022 በተደረገው የግብርና ቆጠራ ወደ 60 ሺህ ገደማ ወርደዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ ጠፍተዋል ማለት ነው። የአሳማው ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ በትላልቅ ድርጅቶች እጅ ተጠቃለለ እንጂ።

ቁስሉ በግልጽ የታየው በ1998 መጨረሻ ላይ ነበር። በዚያ ታኅሣሥ የአሳማ ዋጋ በፓውንድ ወደ 10 ሳንቲምና ከዚያም በታች ወረደ። 250 ፓውንድ የሚመዝን አሳማ ለወራት ቀልቦ ያሳደገ ገበሬ የሚያገኘው 25 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህም የመኖውን ዋጋ እንኳ አይሸፍንም። በመደብሮች የሥጋው ዋጋ ግን በዚያው ልክ አልወረደም። ከዚያችም 25 ዶላር ላይ መዋጮው ይቀነሳል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን በሐቀኝነት እንሥራ። በዚያን ጊዜ በነበረው 45 ሳንቲም ስሌት ከ25 ዶላር የሚቀነሰው 11 ሳንቲም ነው። 11 ሳንቲም ማንንም ከእርሻው አያፈናቅልም። እንግዲያውስ ቁጣው የገንዘቡ መጠን ያመጣው አልነበረም። ገበሬው የጠየቀው እንዲህ ብሎ ነው፦ “እኔ ስወድቅ ትልልቆቹ እየተጠቀሙ ነው። የእኔ ሳንቲም ደግሞ በእኔ ስም ‘የአሜሪካ አሳማ አርቢ’ እየተባለ ለእነርሱ ገበያ ይሠራል። ይህን ማን ፈቀደ?”

ሌላም ቅሬታ ነበር። መንግሥትን የመወትወት ሥራ የሚሠራ የአሳማ አርቢዎች ብሔራዊ ካውንስል የሚባል የግል ማኅበር አለ። እስከ 2001 ድረስ የመዋጮው ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው ከቦርዱ ጋር በተዋዋለው በዚህ ካውንስል በኩል ስለነበር፣ በቦርዱና በካውንስሉ መካከል ያለው ወሰን ለብዙ ገበሬ አይታይም ነበር። ሕጉ ለፖለቲካ አይውልም ያለው ገንዘብ ፖለቲካ ከሚሠራው ቤት ጋር አንድ ጣራ ሥር አደረ።

የመጀመሪያው በር፦ የድምፅ መስጫው ሣጥን

በአይዋ፣ በሚኒሶታ፣ በሚዙሪና በኢሊኖይ የሚገኙ የአነስተኛ ገበሬዎች ድርጅቶች ተባብረው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ሕጉ 15 በመቶ የሚሆኑ አርቢዎች ከጠየቁ ድምፅ እንዲሰጥ ያዛል። በፊርማው ማጣራት ላይ ውዝግብ ቢነሣም፣ የፕሬዚዳንት ክሊንተን የግብርና ሚኒስትር ዳን ግሊክማን ድምፅ እንዲሰጥ ወሰኑ። በ2000 ዓመት ከ30 ሺህ በላይ አርቢዎች ድምፅ ሰጡ። ውጤቱ 15,951 “ይቁም”፣ 14,396 “ይቀጥል” ሆነ፤ 53 በመቶ ለ47 በመቶ ማለት ነው። ጥር 2001 ላይ ግሊክማን መዋጮው እንደሚቆም አስታወቁ።

አልቆመም! የሚሺጋን አሳማ አርቢዎች ማኅበርና ካውንስሉ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የፊርማው አጣራር ሕጉን የተከተለ ስላልነበረ ድምፅ መሰጠቱ ራሱ አግባብ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። በዚያው ወር አስተዳደሩ ተለወጠ። አዲሷ የግብርና ሚኒስትር አን ቬኔማን በየካቲት 2001 መጨረሻ ከከሳሾቹ ጋር በስምምነት ጉዳዩን ዘጉና መዋጮው እንዲቀጥል ተደረገ። በስምምነቱ ቦርዱና ካውንስሉ እንዲለያዩ መደረጉ መልካም ነገር ነበር። ነገር ግን በድምፁ ያሸነፉት ገበሬዎች በዚያ የስምምነት ጠረጴዛ ላይ አልነበሩም።

የሕግ ባለሙያ “ድምፁ በሕጉ መሠረት ስላልተጠራ መንግሥትን አያስገድድም” ሊል ይችላል፤ ክርክሩም መሠረት አለው። በኋላም በ2008 መጨረሻ ሚኒስቴሩ “ድምፅ ይሰጥ የምትሉ ጠይቁ” ብሎ በር ሲከፍት የተፈለገው 15 በመቶ አልተገኘም። ነገር ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ብዙ አነስተኛ አርቢዎች ከሥራው ወጥተው ነበር። የጠፋ ገበሬ ፊርማ አያስቀምጥም።

ሁለተኛው በር፦ “ይህ የመንግሥት ንግግር ነው”

በድምፅ ያልተሳካላቸው ገበሬዎች የሕገ መንግሥቱን የመጀመሪያ ማሻሻያ፣ የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀውን አንቀጽ፣ ይዘው ተከራከሩ። መናገር መብት ከሆነ፣ የማያምኑበትን ንግግር በገንዘባቸው እንዲደግፉ አለመገደድም መብት ነው አሉ። ተስፋ የሚሰጥ ነገርም ነበር፤ በሰኔ 2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተመሳሳይ የሆነውን የእንጉዳይ አምራቾች የግዴታ የማስታወቂያ መዋጮ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ነበር። በ2002 በሚሺጋን የሚገኝ የፌዴራል ዳኛ የአሳማውም መዋጮ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ በ2003 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው።

ግንቦት 23 ቀን 2005 ሁሉም ተገለበጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በበሬ ሥጋ መዋጮ ላይ በቀረበ ክስ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ መዋጮው ይጸናል አለ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ የጻፉት የብዙኃኑ ውሳኔ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ማስታወቂያው የግል ማኅበር ንግግር አይደለም፤ መልእክቱን የወሰነው ኮንግረስ ነው፣ ሚኒስትሩም እያንዳንዱን ቃል ይቆጣጠራል፤ ስለዚህ የመንግሥት ንግግር ነው። ዜጋ ደግሞ መንግሥት ለሚናገረው ነገር ግብር አልከፍልም የማለት መብት የለውም። የአሳማው ጉዳይም በዚሁ ውሳኔ ዓይን እንዲታይ ተመለሰና መዋጮው ቀጠለ።

ውሳኔው ቀልድ አይደለም፤ በሥሩ ትክክለኛ ሐሳብ አለው። ሁላችንም በማንስማማበት ነገር ላይ የሚውል ግብር እንከፍላለን፤ እያንዳንዱ ሰው የወደደውን ብቻ ቢከፍል መንግሥት አይቆምም። ጌታችንም በማቴዎስ 17 የቤተ መቅደሱን ግብር በተጠየቀ ጊዜ ልጆች ነፃ መሆናቸውን ካስረዳ በኋላ እንዳናሰናክላቸው ብሎ ከፈለ።

ነገር ግን ዳኛ ዴቪድ ሱተር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የጻፉት ተቃውሞ ልብ የሚነካ ነው። መንግሥት “ይህ የእኔ ንግግር ነው” ብሎ መከላከያ ካነሣ፣ ለሰሚውም የእኔ ነው ብሎ ይናገር አሉ። የበሬ ሥጋው ማስታወቂያ ግን ከሥሩ የሚያነሣው የመንግሥትን ስም ሳይሆን የከብት አርቢዎችን ነው። በዚያ ላይ ይኸው መንግሥት በጤና መመሪያው ሕዝቡ የእንስሳት ስብ እንዲቀንስ ይመክራል። በፍርድ ቤት የመንግሥት፣ በቴሌቪዥን የገበሬው የሆነ ድምፅ! ሕዝቡ ባይወደው ማንን ይጠይቅ? መንግሥትን እንዳይጠይቅ የመንግሥት መሆኑን አያውቅም፤ ገበሬውን እንዳይወቅስ ገበሬው ተገድዶ ነው።

ነገሩን ወደ አሳማው ስናመጣው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። አይሁድ፣ ሙስሊሞች፣ አድቬንቲስቶችና የእኛ ኦርቶዶክስ ወገኖች ዜጋ የሆኑበት አገር መንግሥት፣ በዚህ የሕግ ትርጉም መሠረት፣ “የአሳማ ሥጋ ብሉ” ብሎ በራሱ ድምፅ እየተናገረ ነው ማለት ነው። እርግጥ ነው መዋጮውን የማይበላው ሰው አይከፍልም፤ የሚከፍሉት አርቢዎችና አስመጪዎች ናቸው። የማንም እምነት ተነካ ለማለት አይደለም። ነገር ግን መንግሥት ይህን በግልጽ በስሙ ቢናገረው ኖሮ ስንት ሰው “ይህ የመንግሥት ሥራ ነውን?” ብሎ በጠየቀ ነበር።

ሦስተኛው በር፦ መክሰስ የሚችለው ማን ነው?

ከ2001 ስምምነት በኋላ ቦርዱና ካውንስሉ ሲለያዩ “ሌላው ነጭ ሥጋ” የሚለው አባባል ባለቤትነት በካውንስሉ እጅ ነበር። በ2006 ቦርዱ ከካውንስሉ ላይ በ34.6 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። ክፍያው በ20 ዓመት የሚጠናቀቅ ሆኖ በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከወለዱ ጋር 60 ሚሊዮን ይሆናል። አባባሉን ያስተዋወቀው የገበሬው መዋጮ ነው። ሊገዛውም የተከፈለው የገበሬው መዋጮ ነው። የተቀበለው ደግሞ መንግሥትን የሚወተውተው ማኅበር ነው። በ2011 ቦርዱ ይህን አባባል ከዋና መፈክርነት አውርዶ በሌላ ተካው፤ ክፍያው ግን ቀጠለ።

በ2012 አንድ የአይዋ አሳማ አርቢ፣ አንድ የአይዋ የገበሬዎችና የነዋሪዎች ድርጅት እንዲሁም አንድ ትልቅ የእንስሳት መብት ድርጅት ሆነው ሚኒስቴሩን ከሰሱ። ክሳቸው ግዢው ለማስታወቂያ ሳይሆን የውትወታ ማኅበሩን በገንዘብ ለመደገፍ የተደረገ ነው የሚል ነበር። በ2018 በዋሽንግተን የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለከሳሾቹ ፈረደና ክፍያው እንዲቆም አዘዘ። በ2019 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ከሳሾቹ በግላቸው ጉዳት መድረሱን ስላላስረዱ ለመክሰስ አይበቁም ብሎ ውሳኔውን ሻረ። ግዢው ትክክል ነው አላለም፤ እናንተ ልትጠይቁ አትችሉም አለ እንጂ።

እንግዲህ ሦስቱን በሮች አንድ ላይ እንመልከታቸው። ገበሬው ድምፅ ሰጠ፤ ድምፁ በስምምነት ተሻረ። ሕሊናዬ ብሎ ተከራከረ፤ ድምፁ የመንግሥት ነው ተባለ። ገንዘቤ የት ዋለ ብሎ ጠየቀ፤ ጉዳትህን አላሳየህም ተባለ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ የሕግ ምክንያት አለው። ሦስቱ ሲደመሩ ግን ከፋዩ የሚገባበት በር የሌለው ቤት ሠሩ።

ይህ ጥያቄ ከየት መጣ?

ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ የታሪክ ሐቅ አለ። “ሰው በማያምንበት ነገር ላይ ገንዘቡን እንዲያዋጣ አይገደድ” የሚለው ክርክር በአሜሪካ የተወለደው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ሕዝቡ ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህናት መተዳደሪያ የግዴታ ግብር ይከፍል ነበር። ያለ ፈቃድ የሰበኩ የባፕቲስት ሰባኪዎች ይታሰሩ ነበር። በ1784 ፓትሪክ ሄንሪ የተሻለ የመሰላቸውን ሐሳብ አቀረቡ፤ ሁሉም ግብር ይክፈል፣ ግን እያንዳንዱ ለወደደው የክርስትና ክፍል ይስጥ የሚል። ጄምስ ማዲሰን በ1785 ተቃውሞ ጻፉ። መንግሥት ሦስት ሳንቲም ብቻ እንኳ ማስገደድ ከቻለ ሌላውንም ማስገደድ ይችላል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ባፕቲስቶችና ሌሎች አማኞች ፊርማ አሰባስበው ሕጉን ተቃወሙ። በጥር 1786 የቶማስ ጄፈርሰን የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ጸደቀ። ጄፈርሰን ሰውን የማያምንበትን አሳብ ለማስፋፋት ገንዘብ እንዲያዋጣ ማስገደድን ኃጢአትና አምባገነንነት ብለው ነበር የጠሩት።

ዳኛ ሱተር በ2005ቱ ተቃውሟቸው ይህንኑ ታሪክ አስታውሰዋል። የሥጋ ማስታወቂያ ከእምነት ጋር እኩል ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ወንጌላውያን አባቶች የተሟገቱት ስለ ገንዘቡ ብዛት እንዳልነበረ ልብ እንበል። እነርሱ ራሳቸው ከሄንሪ ሐሳብ ገንዘብ ያገኙ ነበር! እምቢ ያሉት መስጠት ከፈቃድ ሲለይ ድምፅም ከእውነት እንደሚለይ ስለገባቸው ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይለናል?

በመጀመሪያ፣ ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በደቡብ ዳኮታ ሱ ፎልስ የሚገኘው የስሚዝፊልድ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ በ2020 ጸደይ በኮቪድ ወረርሽኝ ሲመታ፣ የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ሪፖርት የፋብሪካው ሠራተኞች 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚናገሩ ገልጾ ነበር። በብዛት ከሚነገሩት አሥሩ መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ይገኛሉ። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ወገናችን ቢላዋ ይዞ ሌሊቱን ሲቆርጠው ያድራል፤ በላቡም አገር ቤት ያሉትን ይረዳል። ይህ ኢንዱስትሪ በማን ስም እንደሚናገርና ለማን እንደሚጠቅም መጠየቅ የእርሱም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ “በፈቃድ” ተብሎ በግዴታ የተሰበሰበ መዋጮ እኛም እናውቃለን። በደርግ ዘመን ለእናት አገር ጥሪ ከደመወዝ ሲቆረጥና ከገበሬው ሲሰበሰብ፣ በሬዲዮ ግን “ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ አዋጣ” ሲባል የሰሙ ወላጆች አሁንም በሕይወት አሉ። ያ በጠመንጃ፣ ይህ በፍርድ ቤት ነውና ሁለቱን እኩል አላደርግም። የአሜሪካው ገበሬ ሚኒስትሩን ከስሶ በሰላም ቤቱ ገብቷል፤ ይህ ታላቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን በተገደደ ሰው አፍ “በፈቃዱ ተናገረ” ማለት የትም ቦታ ያው አንድ ዓይነት ጥፋት ነው።

ሦስተኛ፣ የራሳችንን ቤት እንይ። ዕድራችን፣ የማኅበረሰብ ድርጅታችን፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ከብዙ ሰው ገንዘብ ይሰበስባል፤ በዚያም ገንዘብ በሁሉ ስም ይናገራል። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲሰበስብ ያደረገውን 2ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 9 ላይ እናነባለን። ማንም በግድ እንዳይሰጥ አዘዘ። ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ አደረገ። በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም ነቀፋ እንዳይኖር ተጠነቀቀ። ሐዋርያ የነበረው ሰው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ እኛ “እመኑን” ብቻ ብለን ልናልፍ አንችልም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

በኮንግረስ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ አባላት እነዚህን መዋጮዎች የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ከ2017 ወዲህ በተደጋጋሚ አቅርበዋል። ረቂቁ መዋጮውን አያጠፋም፤ ገንዘቡ መንግሥትን ለሚወተውቱ ድርጅቶች በውል እንዳይሰጥ ይከለክላል፣ በጀቱም ለሕዝብ እንዲታተምና እንዲመረመር ያዛል። ትላልቆቹ ማኅበራት ግን ይቃወሙታል።

በእኔ አስተያየት ማንኛውም የግዴታ መዋጮ በአራት ጥያቄዎች ሊፈተን ይገባል።

1. የሚናገረው ማን እንደሆነ በግልጽ ተጽፏልን? የመንግሥት ድምፅ ከሆነ የመንግሥት ስም ይጻፍበት።

2. ከፋዩ በየተወሰነ ዓመት፣ ፊርማ ሳይለምን፣ ይቀጥል ወይም ይቁም የማለት ዕድል አለውን? የ1988 ድምፅ ለ1988 ገበሬዎች ነበር፤ ዛሬ ከሚከፍሉት ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ድምፅ አልሰጡም።

3. ገንዘቡ ከፖለቲካ ሥራ በእውነት የተለየ ነውን? በወረቀት ላይ ተለያይቶ በሚሊዮኖች የሚገናኝ ከሆነ አልተለየም።

4. ሒሳቡን ከፋዩ ሊያየውና ሊጠይቅበት ይችላልን?

አራቱንም “አዎ” ብሎ የሚመልስ መዋጮ፣ የአሳማም ይሁን የሌላ፣ ለሁሉ የሚጠቅም የጋራ ሥራ ነው፤ የዕድርን መልካምነት የምናውቅ እኛ ልንቃወመው አይገባም። የአሜሪካው የአሳማ መዋጮ ግን እንደ ዛሬው አሠራሩ ከአራቱ አብዛኛውን በሙሉ አፉ “አዎ” ሊል አይችልም።

ከ100 ዶላር 35 ሳንቲም ትንሽ ነው፤ የማዲሰንም ሦስት ሳንቲም ትንሽ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው የዕድር ወይም የቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አራቱን ጥያቄዎች ይዘን እንግባ። መልሱን የሚፈሩ መሪዎች ካሉ፣ መጠየቁ ከመቼውም ይልቅ አስፈላጊ መሆኑን እንወቅ።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።